ሰርቨሩን የገደለው ጥበቃው አይደለም

ይህ የሆነው አምና ክረምት፣ ደብረ ታቦር ከተማ በጥበቃነት በምሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ፊደል የቆጠርኩት አርባ ካለፈኝ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ በተረኝነቴ ያየሁትን ሁሉ ከነሰዓቱ መዝገብ ላይ አሰፍራለሁ። ባልደረቦቼ «ዝንብም ስትገባ ጻፍ እንጂ!» እያሉ ይስቁብኛል።

በዚያ ሰሞን የመሥሪያ ቤቱን ፋይል የሚይዘው ትልቁ ኮምፒዩተር፣ ሰርቨር የሚሉት፣ በየሐሙሱ ቀጥ ይል ጀመር። አለቃችን በዕድሜ ልጄ ይሆናል። አስጠርቶኝ «አንተ ሰውዬ፣ ብርዱን ፈርተህ ምድጃ እየሰካህ መብራት የምታስጠፋው አንተ ነህ!» አለኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤም ዘረጋልኝ። ከተደገመ እባረራለሁ።

«ፈርም» አለኝ።

ቁጭ ብዬ እስከ ታች አነበብኩትና «ያላደረግሁትን አልፈርምም» አልኩ።

መዝገቤን አመጣሁ። «ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 4፡20፣ ሰርቨር ቆመ፣ ባለጉዳይ ጮኸ፣ መብራት አለ» ይላል። የሌሎቹም ሐሙሶች እንደዚያው።

የኮምፒዩተር ባለሙያዋ ተጠራች። «ማሽኑም የራሱ መዝገብ አለው» ብላ ከፈተችው።

አለቃው አንገቱን አስግጎ አየና «ይኸው! አሥር ሰዓት ከሃያ ይላል። ቀጣፊ!» ብሎ ጮኸ።

«ማሽኑ ደብረ ታቦር ነው እንዴ የተወለደው? የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት አይደል?» አልኩት።

ልጅቷ ሳቀች። «ልክ ነዎት ጋሼ። የፈረንጅ አሥር የእኛ አራት ነው። መብራትም አልጠፋም፤ ማሽኑ ሥራውን የሚይዝበት ሜሞሪ ሞልቶ ነው። ሊኑክስ፣ ማሽኑን የሚያሠራው ሲስተም፣ ሜሞሪ ሲያልቅበት አንዱን ሥራ፣ ፋይል የሚያቀርበውንም ቢሆን፣ ገድሎ ራሱን ያተርፋል።»

«እንደ አለቃችን» አልኩ።

ሜሞሪውን የሚውጠው አለቃው ራሱ በየሐሙሱ እንዲወጣ ያዘዘው ሪፖርት ሆኖ ተገኘ፤ የዓመታቱን ፋይል ሁሉ ባንዴ ይጭናል። ልጅቷ ሪፖርቱን በየተራ እንዲጭን ከፋፈለችው። በቀጣዩ ሐሙስ ሰርቨሩ ሳይቆም ዋለ።

«በል እሺ፣ ተረስቷል» አለኝ አለቃው።

«በጽሑፍ ከሰህ በቃል አትተወኝም» ብዬ ቢሮው በር ላይ ቆምኩ። በማግስቱ የመሻሪያው ደብዳቤ ተጻፈልኝ። ይቅርታ የሚል ቃል የለበትም።

ዛሬም እዚያው በር ላይ ነኝ። አለቃው ድሮ ሳይፈተሽ ያልፍ ነበር። አሁን አስቆመዋለሁ፤ እንደማንኛውም ባለጉዳይ ቦርሳውን ከፍቶ ያሳየኛል። ቂመኛ የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ቂም ይዣለሁ።