የእትዬ ፈንታዬ ሎሚ

ቢቸና ላይ ፀሐይን በሎሚ የጋረደ ሰው ቢኖር እትዬ ፈንታዬ ነበሩ።

የሳይንስ ትምህርት ማስተማር የጀመሩት በደርግ ዘመን ነው። የክፍሉን መስኮቶች ያስዘጉና ኩራዝ ያበራሉ፤ ከጓሯቸው የቀጠፉትን ሎሚ በክር አንጠልጥለው በነበልባሉ ፊት ቀስ አድርገው ያሳልፉታል።

"ኩራዟ ፀሐይ ናት። ሎሚው ጨረቃ ነው። የእናንተ ዓይን ምድር። አሁን ፀሐይ ምን ሆነች?"

"ጠፋች!" ይላል ክፍሉ ባንድ ድምፅ።

"አልጠፋችም። ተጋረደች።"

ከእሳቸው እጅ የተማረ ሰው ዛሬ ፀጉሩ ሸብቶ እንኳ ሎሚ ሲሸተው ያቺ "ተጋረደች" ትዝ ትለዋለች።

የሚያስተምሩበት መጽሐፍ ጠርዙ ተልጦ በጨርቅ የተለበጠ አሮጌ መጽሐፍ ነበር። ፀሐይን የሚዞሩ ዘጠኝ ፈለኮች አሉ ይላል። እትዬ ፈንታዬም "ፕላኔት" የሚለው ቃል አይጥማቸውም፤ "ፈለክ" ነው የሚሉት። ሌሎቹ ከዋክብት የየራሳቸው ፈለክ ይኑራቸው አይኑራቸው ግን "ርቀቱ የሰው ልጅ እንዲያውቀው አይፈቅድም" ይላል መጽሐፉ። እሳቸውም ይህችን ዐረፍተ ነገር እንደ ጸሎተ ሃይማኖት በቃላቸው ይወጧታል።

ከተማሪዎቻቸው ሁሉ ኩራዟን እንድትይዝ የሚመርጡት እፀገነትን ነበር። እጇ አይንቀጠቀጥም። አደገችና እሷም የሳይንስ መምህርት ሆና ሞጣ ተመደበች። ክረምት ክረምት ባሕር ዳር እየወረደች ትምህርቷን ትቀጥላለች። እትዬ ፈንታዬ ስሟን የሚያነሣ ሰው ባገኙ ቁጥር "እኔ ነኝ ያስተማርኋት" ሳይሉ አያልፉም። እስከ 1995 ዓ.ም. ድረስ ማለት ነው።

በዚያ ዓመት የቢቸናና የሞጣ ተማሪዎች የሳይንስ ክበብ ቢቸና ላይ ተገናኘ። የሞጣ ተራ ሲደርስ እፀገነት ተነሣችና መስኮቶቹን አስዘጋች። ኩራዝ አበራች። በክር የተንጠለጠለ ሎሚ አወጣች። ከፊት የተቀመጡት እትዬ ፈንታዬ፣ ልጄ በሰው ፊት ልታመሰግነኝ ነው ብለው ነጠላቸውን አስተካከሉ።

"ይቺ ኩራዝ ሩቅ ያለች ኮከብ ናት" አለች እፀገነት። "ከርቀቷ የተነሣ ነጥብ ብቻ ሆና ነው የምትታየን። የሚዞራትን ሎሚ ጭራሽ አናየውም። ግን በፊቷ ባለፈ ቁጥር ብርሃኗ ቅንጣት ታህል ይቀንሳል። ያ መቀነስ ጊዜውን ሳያዛንፍ ከተመላለሰ እዚያ ፕላኔት አለ ማለት ነው። በዚህም በሌላም መንገድ እየተገኙ ነው።"

እየተገኙ ነው! እትዬ ፈንታዬ ከወንበራቸው ላይ እሾህ ያገኙ ያህል ተቁነጠነጡ።

ልጅቱ አላበቃችም። ከኪሷ አንዲት ሽምብራ አውጥታ በስንጥር ከሎሚው ጎን ሰካቻት። "ፕላኔቱ ጨረቃ ካለችው ደግሞ፣ ቀድማው ወይም ተከትላው እሷም ትንሽ ትጋርዳለች። ገና አልተገኘችም። የምትፈለገው ግን እንዲህ ነው።"

ጭብጨባው ቤቱን አናጋው። ከቢቸና ልጆች አንዱ እጁን አወጣና "የእኛ መጽሐፍ ግን አይታወቅም ነው የሚለው" አለ።

"መጽሐፉ አርጅቷል" አለች እፀገነት። ክፋት አልነበረባትም። ክፍሉ ግን ሳቀ።

እትዬ ፈንታዬ ቤታቸው ሲገቡ ነጠላቸውን እንኳ አላወለቁም። ባላቸው አቶ ወልደ ኪዳን የወረዳ ፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ቅኔ የቀመሱ፣ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው።

"ሎሚዬን ወሰደችብኝ!"

"ሎሚማ ጓሮው ሞልቷል፣ አንቺ ሴትዮ።"

"ሎሚውስ ይሁን! ሽምብራዋን ነው እንጂ! ይህን ሁሉ ዘመን ሎሚ ሳንጠለጥል ሽምብራ እንዴት አልመጣችልኝም?"

"በስመ አብ! ያን ጊዜ የደጀን ሴት አለችው ተብሎ ሲወራብኝ እንኳ እንዲህ አልቀናሽም።"

"አንተማ መጽሐፌን አላስረጀህብኝም" አሉና ወደ ጓዳ ገቡ። ከዚያ ወዲያ የእፀገነት ስም ሲነሣ "እኔ ነኝ ያስተማርኋት" የምትለው ነገር ቀረች።

በዓመቱ ሬዲዮው አንድ ወሬ አመጣ። ሰኔ አንድ ቀን ቬኑስ፣ ያቺ አጥቢያ ኮከብ የምንላት ፈለክ፣ በፀሐይ ፊት ታልፋለች። በሕይወት ካለ ሰው ይህን ያየ የለም። ከስምንት ዓመት በኋላ አንዴ ትደገምና ከዚያ ከመቶ ዓመት በላይ የለችም። እትዬ ፈንታዬ ሬዲዮውን ዘግተው ቆሙ። የሩቁን ኮከብ እፀገነት ትውሰደው፤ ይህቺ ግን የእሳቸው ናት። በዓይናቸው አይተው፣ "አየሁ" ብለው፣ ለቢቸና ልጆች አሳይተው ጡረታ ይወጣሉ።

ከበያጁ ከደሴ ዘንድ ከሁሉ የጠቆረውን የብየዳ መስታወት ለምነው አመጡ። እፀገነት በሾፌር መልእክት ላከች፦ "እትዬ፣ ያን ቀን ሞጣ ይምጡልኝ። ተማሪዎቼ እርስዎን ማየት ይፈልጋሉ። እኔ መስታወት አላገኘሁም፤ በካርቶን ቀዳዳ የፀሐይን ምስል ወረቀት ላይ አሳርፌ ላሳያቸው ነው።"

"ፀሐይ ቢቸናም ትወጣለች በላት" አሉት ሾፌሩን።

አፋቸው ይህን አለ። ልባቸው ግን፣ ያን ሰሞን ቤተ ክርስቲያን በተሳለሙ ቁጥር፣ ሞጣን ትንሽ ደመና ቢጋርዳት ምን አለበት ይል ነበር።

ሰኔ አንድ ቀን ጧት ደመናው መጣ፤ በቢቸና ላይ። ተማሪዎቹ ሜዳው ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ ካፊያ ጀመረ። ቆይቶም ዝናብ ሆነና ሁሉም እየሮጠ ተበተነ። እትዬ ፈንታዬ መስታወቱን በነጠላቸው ሸፍነው ጣራ ሥር ቆሙ። በዓይነ ልቡናቸው ያዩት የሞጣን ሰማይ ነው፦ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ እፀገነት ካርቶኗን ይዛ የምትስቅ።

"ነገሩ እስከ ከሰዓት ይቆያል ብለሽኝ አልነበረም?" አሉ ጃንጥላ ይዘው የመጡት አቶ ወልደ ኪዳን። "ወደ ሞጣ የሚሄድ አይሱዙ ቆሟል።"

"ሄጄ በእሷ ካርቶን ልይ?"

"ወይ እይ፣ ወይ ቅናትሽን ይዘሽ መቶ ዓመት ጠብቂ።"

እትዬ ፈንታዬ ዳይሬክተሩን አስፈቅደው ጋቢና ገቡ። መንገዱ ጭቃ ነው፤ መኪናው እየተንገጫገጨ እሳቸው ለእፀገነት የሚሉትን ቃል እያዘጋጁ ሄዱ። "በዚህ ሳልፍ ነው" እላታለሁ አሉ። ጉንደ ወይን ላይ ሾፌሩ ምሳ ሊበላ ሲቆም፣ ከሞጣ የመጣ አውቶቡስ ከማዶ ቆሞ አዩ። ከአውቶቡሱ የወረደችው ራሷ እፀገነት ነበረች።

"እትዬ! ቢቸናን ትተው ወዴት ነው?"

ያዘጋጁት ቃል ጠፋባቸው። "አንቺስ?"

"ወደ እርስዎ ነዋ! ሞጣ ድፍን ብሏል፤ አንዲት ቀዳዳ የለው። እትዬ አሁን ፀሐይ ወጥታላቸው ልጆቹን ሰብስበው እያሳዩ ነው ብዬ ቅናት ሊገድለኝ!"

ሞጣ ድፍን ማለቱን ሲሰሙ እትዬ ፈንታዬን ደስ አላቸው፤ መደበቅ አይቻልም። ወዲያው ግን "በማን ነው የቀናሽው?" አሉ።

"በእርስዎ። ዛሬ ነው እንዴ? ከልጅነቴ ጀምሮ። እኔ ኩራዝ ይዤ እንደ መቅረዝ እቆማለሁ፣ ሎሚውን እርስዎ ያንጠለጥላሉ! አንድ ቀን እንኳ ክሩን ያዥ ብለውኝ አያውቁም።"

እውነቷን ነው።

በዚህ መካከል የጉንደ ወይን ሰማይ በአንድ በኩል መሳሳት ጀመረና ፀሐይ ብቅ አለች። መስታወቱ አንድ ነው። ደመናው መቼ እንደሚመለስ አይታወቅም። እትዬ ፈንታዬ መስታወቱን ከነጠላቸው አወጡና ወደ ዓይናቸው አነሡት። እጃቸው መንገድ ላይ ቆመ። መስጠትን እጃቸው አልፈለገም፤ ጣቶቻቸው መስታወቱን አጥብቀው እንደያዙ ወደ ልጅቱ ዘረጉት።

"እንኪ" አሉ። "ያዥ።"

እፀገነት ተቀብላ ወደ ፀሐይ ቀና አለች። ያ መጠበቅ ለእትዬ ፈንታዬ ከጭብጨባው የባሰ ነበር።

"ምን ታያለሽ? ተናገሪ እንጂ!"

"አለች፣ እትዬ! ትንሽ ናት።"

"ሎሚ ታክላለች?"

"ኧረ የት!"

"ሽምብራ?"

"ከሽምብራም ታንሳለች።"

ከሽምብራም! እትዬ ፈንታዬ መስታወቱን ነጠቁ ቢባል ይቀላል። አዩ። ክብ ዳቦ በምታህል ፀሐይ ላይ አንዲት ጥቁር ፍሬ ጉብ ብላለች። ካንድ ሩቅ ኮከብ ሆኖ ወደ እኛ የሚያይ ፍጡር ቢኖር፣ ፀሐያችን በዚህች ፍሬ ልክ ስትደበዝዝበት ነው የሚያውቀን። ርቀቱ አይፈቅድም ያለው መጽሐፍ እዚያ፣ ከቆመ አይሱዙ አጠገብ፣ ተዘጋ።

"ጥቁር አዝሙድ ናት" አሉ ቀስ ብለው። ከዚያም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፦ "አዝሙዷ የእኔ ናት! እንዳትወስጂብኝ!"

እፀገነት ሳቀች። እየተቀባበሉ አንድ ሁለቴ እንዳዩ ደመናው ገጠመ።

እትዬ ፈንታዬ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ኩራዛቸውን አበሩ፤ ክሩንም በየተራ ለልጆች ያስይዙ ጀመር። ማሳያዎቹን ጠረጴዛው ላይ ሲደረድሩም ባለቤቶቹን ሳይጠሩ አያልፉም፦ "ሎሚው የእኔ ነው። ሽምብራዋ የሞጣዋ መምህርት የእፀገነት ናት፤ እኔ ነኝ ያስተማርኋት። አዝሙዷም የእኔ ናት።"

አንድ ቀን አንዲት ተማሪ "ያን ቀን ቬኑስን መጀመሪያ ያያት ማነው፣ እትዬ?" ብላ ጠየቀቻቸው።

"እፀገነት ናት" አሉ። ኩራዛቸውን እፍ ብለው አጠፉና መስኮት ለመክፈት ሲሄዱ መንገድ ላይ ዞር አሉ።

"መስታወቱ ግን የእኔ ነበር።"