እጅ የሚነሣው ቴሌቪዥን

በከተማችን በነገሌ የአንድ ሠርግ ክብር በድምፁ ርቀት ይለካ በነበረበት ዘመን ታናሽ ወንድሜ የተከበረ ሰው ነበር። ሀብቱ አንድ ኦርጋን፣ አንድ ማጉያ፣ አንድ ማይክራፎንና ሁለት ስፒከሮች ብቻ ነበሩ። በእነዚህ የጉጂውንም፣ የቦረናውንም፣ የጉራጌውንም፣ ከሰሜን የመጣነውንም ዘፈን በአንድ ዓይነት ምት ይጫወት ነበር። ማንም ቅር አልተሰኘም፤ ሁሉም እኩል ተበድሏልና።

ከዚያ ስክሪን መጣ። ከሀዋሳ የሚነሣ አንድ ዲጄ የሚሽከረከሩ መብራቶችና ግድግዳ የሚያህል ስክሪን በፒካፕ ጭኖ ቆላውን ከከተማ ከተማ ያካልል ጀመር። ስክሪኑ የሚያሳየው ርችት፣ እሳተ ገሞራና በሰማያዊ ውኃ የሚዋኙ ዓሦች ነበሩ። በከብት የሚኖር፣ ዓሣን ከእባብ እምብዛም የማይለይ ዘመድ አዝማድ ሁሉ ከዓሦቹ ፊት ተሰልፎ በኩራት ፎቶግራፍ ተነሣ። ያለ ዓሣ መጋባት ነውር ሆነ።

ወንድሜን የሚጠራው ሰው ጠፋ። በመጨረሻም ልጁን ሊድር ያሰበ አንድ የእህል ነጋዴ ቤታችን ድረስ መጣና የቀረበለትን ሻይ ፉት እያለ እንዲህ አለው፦

«ወንድሜ፣ አንተን እወድሃለሁ። ዋጋህንም እወደዋለሁ። ግን ያለ ስክሪን ኦርጋን ብቻ ባቆም ሰው ምን ይለኛል? ሠርግ ነው ወይስ ተዝካር?»

«ዲጄውን ጥራ እንግዲያ» አለው ወንድሜ።

«የእሱ ዋጋ ደግሞ ተዝካሬን ያቀርበዋል። የሚያበራ ነገር ፈልግና ሠርጉን ውሰድ።»

ወንድሜ ግን የፈለገው ሌላ ነገር ነበር። ኦርጋኑን ሸጦ በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ ለመውጣት ከደላላ ጋር መነጋገሩን ሰምቼአለሁ። የዚያን መንገድ መጨረሻ ከተማችን በሁለት ምልክት ያውቀዋል፤ አንዱ ከወዲያ የሚላክ ጫማ ነው፣ ሌላው ሰው ሳይቀበር የሚተከል የለቅሶ ድንኳን። በቤታችን ደግሞ «አትሂድ» ብሎ ማልቀስ የተለመደ አይደለም፤ አባታችን ስሜትን እንደ ተራ የፊደል ግድፈት በቀይ እስክሪብቶ የሚያርሙ አስተማሪ ነበሩ። ስለዚህ እኔ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ፊዚክስ አጥንቼ በዚያው በተወለድሁበት ከተማ የማስተምር ታላቅ እኅቱ፣ ያልሁት ይህን ብቻ ነው፦

«ኦርጋኑን እስከ ሠርጉ ድረስ አትሽጠው።»

በዚያ ወቅት ጠፍጣፋ ቴሌቪዥን በየቤቱ እየገባ፣ ባለ ትልቅ ቂጡ የድሮ ቴሌቪዥን እየተባረረ ነበር። ትናንት ጥልፍ ጨርቅ ይለብስ የነበረው ዕቃ ዛሬ ዶሮ ይታቀፍበታል። ሁለቱን ለመንሁና ወሰድሁ። ሐሳቤ ቀላል ነበር። በቴሌቪዥኑ የመስታወት ቀፎ ውስጥ ቀጭን ጨረር ከኋላ ወደ ፊት ይወረወራል፤ አንገቱ ላይ የተጠመጠሙት የመዳብ ሽቦዎች ጨረሩን ወደ ጎንና ወደ ላይና ታች እየጎተቱ ሥዕሉን ይስላሉ። ከጣቢያው በሚመጣው ትእዛዝ ፋንታ የወንድሜ ኦርጋን ጨረሩን ወደ ላይና ወደ ታች ቢጎትተውስ? ያን ጊዜ ስክሪኑ የሚያሳየው የባዕድ ዓሣ ሳይሆን የራሱን የዘፈኑን ቅርጽ ይሆናል። ከአንደኛው ቴሌቪዥን ሽቦውን ፈትቼ ለሁለተኛው አበደርሁት፤ የማጉያውንም ገመድ ቀጠልሁበት። ከሁለት ሬሳ አንድ በሽተኛ ተገኘ።

ወንድሜ አጠገቤ ቆሞ ያሾፍ ነበር።

«እትዬ፣ አንዱን እጅሽን ከኋላሽ የምትደብቂው ለምንድን ነው? ታፍሪበታለሽ?»

«ይህ ዕቃ ከተነቀለም በኋላ ኤሌክትሪክ ያጠራቅማል። ሁለት እጁን ያስገባ ሰው ልቡን መንገድ ያደርግለታል።»

«ይገድላል?»

«ይገድላል።»

«ታዲያ ከሞያሌው መንገድ በምን ይሻላል?»

«እዚህ ሬሳህን እናገኘዋለን» አልሁት። ስለ ጉዞው በግልጽ የተነጋገርነው ያን ጊዜ ብቻ ነው።

የስጦታ መጠቅለያ የሆነውን ቀይ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ላስቲክ በመስታወቱ ላይ ስለጥፍ ነጩ ብርሃን ቀለም አገኘ። ወንድሜ ወፍራሙን ድምፅ ሲነካ የግመል ሻኛ የመሰለ ሰፊ ሞገድ ተነሣ፤ ቀጭኑን ሲነካ ሞገዱ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ጠበበ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲጫን ብርሃኑ እንደ ወተት ዕቃ ስፌት እርስ በርሱ ተሸመነ። እጆቹን ከቁልፎቹ ሳያነሣ ወደ መስታወቱ ጎንበስ አለ።

«እትዬ፣ ግራ እጄ ከቀኝ እጄ እንደሚዘገይ ያሳያል እኮ!»

«እስካሁን በጆሮዬ ብቻ ነበር የማዝነው» አልሁት።

በሠርጉ ዕለት ሸራ በሸራ ላይ አስደርቤ ዳሱን በቀትር አስጨለምሁት። ለሙሽሮቹ ሙቀት ለስክሪኑ ድምቀት ሆነ። የከተማው መብራት እንደ ልማዱ ስለጠፋ በጀነሬተር ተጠቀምን። የቴሌቪዥኑን የኋላ ክዳን ሙቀት እንዲወጣለት ከፍቼ ተውሁት፤ ማንም እንዳይቀርብ ዙሪያውን ገመድ አሰርሁ፤ እኔም በሠርግ ልብሴ ከስፒናው አጠገብ እንደ ዘበኛ ተቀመጥሁ። ነጋዴው መጥቶ ጎንበስ ብሎ አየውና «መምህርት፣ ይህ ያክስቴ ቴሌቪዥን አይደለም እንዴ?» አለኝ። ነበር።

ዘፈኑ ሲጀምር ሰው ስክሪኑን በጥርጣሬ ያይ ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት በማይኩ አጠገብ እልል ስትል ስክሪኑ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን በቀለ፤ ሴቶቹም ደኑን ለማብቀል ሲሉ ብቻ እልል ይሉ ጀመር። ሙሽሪት ስትገባ እንኳ ጀርባቸውን ሰጧት። ነጋዴው ዲጄውን ባለመጥራቱ በደስታ እጁን ያሻሽ ነበር።

ችግሩ የክብር እንግዳው ንግግር ላይ መጣ። እርሳቸው የአንድ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ነበሩ፤ ማይኩን እንደ ተበከለ ዕቃ ከአፋቸው አርቀው ይዘው ስለ ልማት፣ ስለ ጋብቻና እንደገና ስለ ልማት በማይወርድ በማይወጣ ድምፅ ተናገሩ። ማሽኔ ሥልጣን አይለይም። ስክሪኑ ላይ የታየው አንድ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ እምብዛም የማይንቀሳቀስ መስመር ነበር።

ከኋላ አንዱ በኦሮምኛም በአማርኛም አስተጋባ፦ «ዱኤ! ሞተ! ሐኪም ጥሩ!»

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። ኃላፊው ዞረው መስመራቸውን አዩት። ነጋዴው እየሮጠ መጣ።

«መምህርት፣ ለእርሳቸው ትንሽ ከፍ ያድርጉላቸው እንጂ!»

«ማይኩን ይጠጋሉ፤ ወይም የሚሉትን ያስቡበታል። ሌላ ማስተካከያ የለውም።»

«አስጨረሳችሁኝ! የንግድ ፈቃዴ በእርሳቸው እጅ ነው!» ከዚያ ወደ ወንድሜ ዞሮ፣ «አንተን ከእንግዲህ በዚህ ከተማ የሚጠራህ የለም፤ እኔ ራሴ ነኝ የምነግርብህ» አለው። ወንድሜ ከኦርጋኑ ላይ ዓይኑን አላነሣም። ኦርጋኑን ለደላላው ለመስጠት የቀጠረው በማግስቱ እንደ ነበር እኔ አውቅ ነበር።

ቀጥሎ የምርቃቱ ተራ ደረሰ። የሙሽራው ታላቅ አጎት፣ ከገጠር የመጡ ሽማግሌ፣ በአንድ እጃቸው በትር፣ በሌላው የወተት ዕቃ ይዘው ተነሡ። ማይኩን አቀረቡላቸው። ገመዱን ተሻግረው በስክሪኑ ፊት ቆሙና ለሰው ሰላምታ እንደሚሰጥ ሁሉ፦

«አካም?» አሉት።

መስመሩ ብድግ አለ።

«ነጋ?» አሉ ደግመው፤ ሰላም ነህ ወይ ማለታቸው ነው። ሕዝቡ ሁሉ እንደ ወጉ «ነጋ!» ብሎ ሲመልስ ስክሪኑ ከዳር እስከ ዳር በብርሃን ሞላ። ሽማግሌው ተደሰቱ። «ይኸኛው ሰላምታ ያውቃል» አሉ፤ ይህንንም ሲሉ ያዩት ወደ ኃላፊው ነበር። ከዚያ መመረቅ ጀመሩ፤ ዝናብ ይዝነብ ሲሉ፣ ላሞች ይውለዱ ሲሉ፣ ሙሽሮቹ ይክበሩ ሲሉ፣ ሕዝቡ በየመሐሉ ሲቀበል፣ ብርሃኑም አብሮ ሲቀበል፣ እኔ ራሴ ለአንድ አፍታ የሠራሁት ነገር ከፊዚክስ ውጭ የሆነ መሰለኝ።

አፍታው አጭር ነበር። ሽማግሌው ከወተቱ ጎንጨት አድርገው በሙሽሮቹ ላይ እፍ ብለው ረጩ፤ የአገሩ ምርቃት በዚህ ይታተማል። ከዚያ ሁለተኛ ተጎነጩና ጉንጫቸውን ነፍተው ወደ ማሽኑ ዞሩ። ምርቃት የተቀበለ ሁሉ ይመረቃል፤ ማሽኑም ከማንም በላይ ተቀብሏል። እየቀረቡ የነበሩትም በክፍቱ ጀርባ በኩል ነበር።

ለመጮህ አስቤአለሁ። ነገር ግን የሽማግሌን ምርቃት በጩኸት የምታቋርጥ ሴት በዚያ አገር ለሦስት ትውልድ የምትተርፍ ወሬ ናት። ብርሃኑን ባጠፋው ደግሞ፣ በምርቃት መሐል የጠፋ ብርሃን ሟርት ነው፤ ሟርት የጠራ ሙዚቀኛ ነገሌ ቀርቶ ያቤሎም ቦሬም አይገባም። በአንድ በኩል የወንድሜ እንጀራ፣ በሌላ በኩል በአንድ ጉንጭ ወተት ሊሞቱ የተቃረቡ ሽማግሌ። ስፒናውን ነቀልሁት።

ከዳር እስከ ዳር የተንጣለለው ብርሃን ወደ መሐል ተሰበሰበ፤ አንዲት ነጥብ ሆነ፤ ነጥቧም ቀስ እያለች ደበዘዘች። በዚያው ቅጽበት ወተቱ አረፈበትና ውስጡ ጠስ አለ። ሰው ሁሉ ዓይኑን ወደ ሽማግሌው አዞረ። ወደ ወንድሜ አየሁ፤ ፊቱ ሞያሌን አልፎ ነበር።

ሽማግሌው ወደ መስታወቱ ፊት ዞሩ፤ በበትራቸው ተደግፈው ጎንበስ አሉና ነጥቧ ፈጽማ እስክትጠፋ ተመለከቷት። ቀና ብለውም በአማርኛ፣ ለከተሜው እንዲገባው ብለው ይመስለኛል፣ እንዲህ አሉ፦

«አየህ? ትልቅ ሰው ሲመርቅ ይኸኛው ራሱን ዝቅ አደረገ። ይኸን የናንተ ልጅ አያውቅም።»

ንግድ ማለት ነፋሱን ቀድሞ ማወቅ ነውና ነጋዴው ከሁሉ ቀድሞ ጮኸ፦ «እጅ ነሣቸው! ቴሌቪዥኑ እጅ ነሣቸው!»

እልልታው ሸራውን አነሣው። እኔ የጨረሩ ኃይል ሲቋረጥ ምን እንደሚሆን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ወንድሜ እግሬን ረገጠኝ። ዝምተኛ ነሽ እየተባልሁ ስወቀስ ኖሬአለሁ፤ ዝምታዬ ለሰው ሲጠቅም ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ደላላው መጥቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። ቴሌቪዥኑን አድርቄ፣ የተቃጠለውን ለውጬ፣ ጀርባውንም በእንጨት ሣጥን አሸግሁት። ከያቤሎ፣ ከቦሬ፣ ከተልተሌ ሳይቀር ሰው መጣ። ስለ ሞገዱ፣ ስለ ቀለሙ፣ ድምፅን ለዓይን ስለማሳየት አንድም ሰው አልጠየቀም። ጥያቄው «ያ እጅ የሚነሣው የናንተ ነው?» የሚል ብቻ ነበር። በዩኒቨርሲቲ ለዓመታት ተምሬ የሠራሁት ማሽን የተወደደው ስለሚጠፋ ነው። የሀዋሳው ዲጄም በበኩሉ ስክሪኑን በምርቃት ሰዓት ለማጥፋት ሞክሮ ነበር፤ ጠፍጣፋ ስክሪን ግን ሳይሰናበት በአንዴ ይጨልማልና «ባለጌ ነው» ተብሎ ተመለሰ።

ኃላፊውም መልእክት ላኩ፤ ለእርሳቸውም እጅ እንዲነሣ። ወንድሜ በደስታ ፈቀደ። ከዚያ ወዲህ ገና «ክቡራን እንግዶች» ሲሉ ማሽኑ ይጠፋላቸዋል፤ ንግግራቸው የሚያሳየው አንዳች ነገር እንደሌለ ሕዝቡ እያየ በአክብሮት ያጨበጭባል። ሌሎች ኃላፊዎችም ሰምተው ጠየቁ። አሁን በአንዳንድ ሠርግ ላይ ማሽኑ ከሚበራበት የሚጠፋበት ጊዜ ይረዝማል።

ከሁሉ በኋላ የመጣው ያው ደላላ ነበር። የራሱን ልጅ ሊድር ነው፤ ልጁን የሰው ልጅ በሚሰድድበት በሞያሌ መንገድ አላወጣም፤ እዚሁ ሱቅ ከፍቶለታል። ወንድሜ ቀኑን ከያዘለት በኋላ ወደ እኔ ዞሮ ጠየቀኝ፦

«እትዬ፣ ለእርሱም እጅ ይንሣ?»

«አይነሣም» አልሁ። «እርሱ ሲናገር መስመሩ ይታይ።»