አባቴ አለቃውን መንገድ ላይ ያስቆመበት ጠዋት

አባቴ አዳማ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ የቆዳ መጋዘን ይሠራ ነበር። ወደ ጅቡቲ የሚጫነውን ቆዳ ብል እንዳይበላው መርዝ ባለበት በርሜል ውስጥ እየነከረ ያወጣዋል። በባዶ እጁ ነው። በሦስተኛው ዓመት መዳፉ ተሰነጣጠቀ፤ ቀጥሎ ጣቶቹ ደነዘዙ። ጉርሻው ከእጁ ሲወድቅ እናቴ አይታ እንዳላየች ትሆን ነበር።

የመጋዘኑ ባለቤት አዲስ አበባ ስለሚኖር የሚያዘው አለቃው ነበር። እሱም አባቴን ከሥራ አስወጣው። የምንኖረው በመጋዘኑ ግቢ ስለሆነ ቤቱንም ልንለቅ ነው። በዚያው ሰሞን በር ጠባቂው ሞቶ ቦታው ክፍት ነበር። አባቴ እዚያ አስቀምጠኝ ብሎ ለመነ፤ አለቃው እምቢ አለ።

አንድ ጠዋት አባቴ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ጠበቀው። እኔ ውኃ ልቀዳ ወጥቼ ከኋላ ነበርኩ።

«በሕግ አምላክ ቁም!»

አለቃው ቆመ። ያኔ እንዲህ የተባለ ሰው ጥሎ አይሄድም። ከሳሽና ተከሳሽ ኩታቸውን ጫፍ ለጫፍ ቋጥረው ዳኛ ፊት ይቀርባሉ። አባቴ ጫፎቹን ያዘ፤ አመለጡት። እንደገና ሞከረ።

«ኧረ አምጣው፣ ሊመሽብን ነው!» አለና አለቃው ራሱ ጥብቅ አድርጎ ቋጠረው።

ከደራ ገብስ በአህያ ጭነው የመጡ ሽማግሌ ሲያልፉ ዳኝነት ለመኗቸው። ሰው ተሰበሰበ፤ እኔ ከሰዉ ጀርባ ሆንኩ። አባቴ የተሰነጣጠቀ እጁን ዘርግቶ የበሩ ሥራ ይሰጠኝ አለ።

«ማን መታህ?» አሉት አባቴን።

«ማንም አልመታኝም፣ ኦቦ። በርሜሉ ነው።»

«በርሜሉን ክሰሰዋ!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

«ጌታዬ፣ እጁ ደኅና ነው» አለ አለቃው። «በር ላይ ተቀምጦ መዋል አምሮት ነው።»

ሽማግሌው ኩታዎቹን አዩ። «ይህን ማን ቋጠረው?»

«እኔ ነኝ።»

«የሚቋጥረው ከሳሹ አይደል? አንተን ምን አስቸኮለህ?»

«እሱማ አልሆነለትም፤ ጣቱ...» ሲል የአለቃው ዓይን ቋጠሮው ላይ አረፈ። አሁን ማንም አልሳቀም።

ሽማግሌው በሩ ለአባቴ ይሁን ብለው ፈረዱ። አለቃው ዋስ ጠርቶ ኩታው ተፈታ። ስለ በርሜሉ የጠየቀ አልነበረም፤ በሳምንቱ ሌላ ሰው ይነክር ጀመር።

ከቤታችን አልወጣንም። የበሩ ቁልፍ ግን ከባድ ነበር፤ የአባቴ ጣቶች ሊያዞሩት አልቻሉም። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ሰው እንዳያውቀኝ ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ በሩን የምከፍተው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከጎኔ ቆሞ የሚገቡትን ሰላም ይላቸዋል።