መርከበኛ ብለህ ጻፍ

ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ነው ፖሊሶች የወሰዱኝ። ብብቴ ሥር አንድ የቱርክ ልቦለድ ነበር፤ ከእንግሊዝኛው ወደ አማርኛ እየመለስኩት፣ ለመጨረስ ሠላሳ ገጽ ያህል ቀርቶኝ ነበር። እዚያው ጉለሌ ካለ አንድ ግቢ በር ላይ መጽሐፉን ተቀበሉኝና አሥራ አምስት ሰው የታጨቀበት ክፍል አስገቡኝ። መጀመሪያ የመታኝ የላብና የበረኪና ሽታ ነው። አዲስ ገቢ ስለሆንኩ ቦታዬ ከሽንት ባልዲው አጠገብ ሆነ። ምን ይደረግ፣ ተቀመጥኩ።

ጥግ ላይ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞሩ ሽማግሌ ነበሩ።

«አባባ ከገቡ አራት ቀናቸው ነው። እህል አልቀመሱም፣ ቃልም አልወጣቸውም» አለኝ ካቦው። ካቦ የምንለው የክፍሉን አለቃ ነው፤ ውጭ ጎማ ጠጋኝ ነበር። «እጃችን ላይ እንዳይሞቱብን ፈርቻለሁ።» ሽማግሌው የታሰሩት ወረዳ ስብሰባ ላይ እጃቸውን አውጥተው ስለተናገሩ ነው አሉ።

በዚያ ክፍል ከምሳ በኋላ ተረኛ ያወራል። በማግስቱ ተራው የኔ ሆነ። ሌላ ምን አውቃለሁ፣ ልቦለዱን ጀመርኩላቸው። አባቱ ከደሴት ተባሮ የመጣ አንድ አሳ አጥማጅ አለ። የሰፈሩ ሰው እስከ መጨረሻው እንደ መጤ ነው የሚያየው። «የማን ነህ?» ሲሉት አይመልስም፤ ጣቱን ወደ ባሕሩ ይቀስራል። ሰው የነፈገውን ቦታ ባሕሩ ሰጥቶታል። እኛ የእንጦጦ ሥር ልጆች ብዙ ውኃ ያየነው ክረምት ላይ ወንዛችን ሲሞላ ብቻ ነው።

የማነበው እየተረጎምኩ ስለነበር፣ ታሪኩ ያላነበብኩት ጋ ደረሰ። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለ ካቦው። አላውቅም ማለት አፈርኩና ፈጠርኩ። ማዕበል ተነሣ፣ አሳ አጥማጁም ነፍሱን ለማዳን ወደ ዳር ቀዘፈ አልኩ።

«ወደ ዳር አይሄድም!»

ሽማግሌው ነበሩ። ወደ እኛ ዞረው ተቀምጠዋል።

«በማዕበል ወደ ዳር የሮጠ አለቀለት። ጀልባውን የሚሰብረው ዳሩ ነው። ወደ ጥልቁ ይወጣል እንጂ!»

«አባባ፣ እርስዎ ይኼን በምን አወቁ?»

«መርከበኛ ነኝ።»

ጉለሌ ተወልደው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው ባሕር ኃይል ገቡ። መጀመሪያ ወደ ምጽዋ ሲወርዱ ሰማዩ መሬት ላይ የተኛ መስሏቸው፣ ሾፌሩን «ቁም፣ መንገዱ አለቀ!» ብለው ጮኹበት። በኋላ በመርከብ ባሕሩ መሐል ሲደርሱ በየት በኩል ቢዞሩ ዳር የለም፣ ተራራ የለም።

«ትንሽ ሆንኩ፤ ግን አልጠፋሁም። ቦታዬ እዚህ ነው አልኩ። ባሕሩ የሌላ አገር ቢሆንስ፣ መርከበኛነቴን ማን ይወስድብኛል?»

ሁለት ዓመት ስተረጉመው የኖርኩት ባሕር ገና ያን ቀን ገባኝ።

ያልበሉበትን ምክንያትም ነገሩን። ቃል ሲሰጡ መርማሪው ሥራቸውን ጠየቃቸው። መርከበኛ ቢሉት ሳቀና «ሥራ የሌለው» ብሎ ጻፈ። እስኪያስተካክለው ድረስ እህል ላይቀምሱ ምለዋል።

በማግስቱ ጠዋት አንድ ወጣት ፖሊስ ወረቀት ይዞ መጣ። ከፈረሙ ይፈታሉ። እልል ልንል ምንም አልቀረን። ሽማግሌው ወረቀቱን ዓይናቸው ሥር አስጠግተው አነበቡና መለሱለት።

«ይኼ እኔ አይደለሁም። መርከበኛ ብለህ ጻፍ፣ ልጄ።»

«አባቴ፣ ምን ያደርግልዎታል? ፈርመው ቤትዎ አይገቡም?»

«ካልተጻፈ እዚሁ ነኝ።»

ፖሊሱ ትከሻውን ነቅንቆ ሄደ። «አብደዋል እንዴ፣ አባባ!» አለ ካቦው። እሳቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ያው ፖሊስ መጣ። «ሥራ የሌለው» የሚለው ተሰርዞ በላዩ ላይ በእስክርቢቶ «መርከበኛ» ተብሏል። ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ፈረሙ። ከዚያ ካቦውን ዳቦ ጠየቁት። በሩ ተከፍቶ እያለ፣ ሳይቸኩሉ፣ ቆመው በሉ። እኛም ሁላችን ተነሥተን ቆምን፤ ቁሙ ያለን የለም። ፖሊሱም በልተው እስኪጨርሱ ጠበቀ።

እኔ ከተፈታሁ ቆየሁ። ድሮ ሥራህ ምንድን ነው ስባል «እንዲያው በግል» ብዬ አልፍ ነበር፤ ልቦለድ መተርጎምን ሥራ የሚለው ሰው ጥቂት ነው። ባለፈው ጳውሎስ አካባቢ አንድ ክሊኒክ ካርድ ሳወጣ መዝጋቢዋ ልጅ ሥራዬን ጠየቀችኝ።

«ተርጓሚ» አልኳት።

«እ... ማለቴ፣ ዋና ሥራዎ?»

«እሱ ነው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከኋላዬ ሰልፉ ረጅም ነበር። ጽፋ እስክትጨርስ ከመስኮቱ አልተነቃነቅኩም።