የቱላው ውሻ ለምን ያላዝናል?

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት

ከቃሊቲ መናኸሪያ የተነሣሁት በአንዲት ቃል ምክንያት ነው። ለተማሪዎች በምናዘጋጀው መዝገበ ቃላት «አላዘነ» ላይ ደርሰን ቆመናል። ውሻ ድምፁን እየጎተተ ሲጮህ ማላዘን እንደሚባል ማንም ያውቃል፤ ነጭናጫ ሰውም «አታላዝን» ይባላል። ከየት መጣ ለሚለው ግን ባልደረቦቼ «ከሐዘን ነው» ብለው ሊዘጉት ነበር፤ እኔም ወደዚያው አዘንብያለሁ። ብቻ ከመዝጋታችን በፊት የቀድሞ አስተማሪዬን ጋሽ አስፋውን ልጠይቅ አልኩ። ጡረታ ወጥተው ሐዋሳ፣ ቱላ ይኖራሉ። ጆሯቸው ስለደከመ በስልክ አይሆንም።

ዝዋይ ላይ ሾፌሩ ለሃያ ደቂቃ ብሎ አርባ ደቂቃ አቆመን። ዓሣ ጥብሱ ጥሩ ነበር፤ ዳቦው የትናንት ነው። ሻሸመኔን አልፈን ሐዋሳ ስንገባ ቀትር ሆኗል። ከመሃል ከተማ ቱላ ድረስ በባጃጅ ሄድኩ። ከመንገዱ ግራና ቀኝ እንሰትና ገና ያልተለሰኑ ቤቶች ይፈራረቃሉ።

ከሰዓት በኋላ

በር የከፈተችልኝ የጋሽ አስፋው ልጅ ሰናይት ናት። አባቷ ታመው ከተኙ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል። አልጋቸው አጠገብ ተቀምጬ ጮክ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አላውቅም» አሉ።

«ከሐዘን ነው የሚሉ አሉ፣ ጋሼ።»

«ማን ነገራቸው? እስቲ መጀመሪያ ውሻውን ስማው።»

ዓይናቸውን ጨፈኑ። ለዚህ መልስ ይህን ሁሉ መንገድ መምጣቴ አናደደኝ።

ደጅ ላይ ሰናይት አስቆመችኝ። ውሻቸው ቦቢ አባቷ ከተኙ ወዲህ ጠዋት ጠዋት እንደሚያላዝን ጎረቤቶች ነግረዋታል፤ እሷ በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ናት።

«ውሻ ሲያላዝን ሰው ይሞታል ይላሉ። ውሻውን የሚያስወግድልኝ ሰው አግኝቻለሁ፤ አባዬ ግን እንዳትነኩት ይላል። ጋሽ ዳዊት፣ አንተ የመጽሐፍ ሰው ነህ። ቃሉ ራሱ ምን ማለት ነው?»

አዋቂ መምሰል ክፉ ነው። «ከሐዘን የመጣ ሳይሆን አይቀርም» አልኳት።

«አላልኩም?» ብላ ስልኳን አነሣች። ሰውዬው ለነገ ጠዋት ተቀጠረ።

ዓርብ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

ሰናይት ከሥራ አስፈቅዳ ቀርታለች። ሰውዬው የሰፈሩ ሰው ነው፤ ገመድ ይዞ መጣ። ቦቢ ግን ዞር ብሎም አላየው። በረንዳው ላይ የጋሽ አስፋውን ጫማ አሸተተ፣ ወደ አጥሩ በር ሄደ፣ ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት ዞሮ ተመለከተ። ከዚያ አንገቱን አቅንቶ ያላዝን ጀመር። ሰናይት ጆሮዋን ያዘች።

ሰውዬው ሰዓቱን አየ። «ሁለት ሰዓት ነው» አለ፣ በሲዳምኛ ቃና። «ጋሼ በዚህ ሰዓት ነው ከሱ ጋር አስፋልት ድረስ የሚሄዱት። በፊት፣ ሳይታመሙ።»

ወደ ሰናይት ዞርኩ።

«ሰናይት፣ ትናንት የነገርኩሽን ነገር አላውቀውም። ገምቼ ነው።»

«ገምተህ?» ትክ ብላ አየችኝ። «እሺ አሁን ብተወውና አባዬ ቢሞትብኝስ?»

«እሱንም አላውቅም።»

ገመዱን ከሰውዬው እጅ ተቀብላ ቦቢ አንገት ላይ አሰረችና በሩን ከፍታ ወጣች። ውሻው ድምፁን አቁሞ ተከተላት። አስፋልቱ ጋ እስኪደርሱ ቆሜ አየኋቸው።

ወደ መኝታ ቤቱ ስገባ ጋሽ አስፋው ነቅተዋል።

«ሰማኸው?»

«ሰማሁት።»

«ታዲያ ቃሉ ከየት መጣ?»

«አላውቅም፣ ጋሼ።»

«ጎበዝ» አሉ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ይሉኝ እንደነበረው።

ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ

ቤቴ እንደገባሁ «ምንጩ አልታወቀም» ብዬ ጻፍኩና ለባልደረቦቼ ላክሁ። «ለዚህ ነው ሐዋሳ ድረስ የሄድከው?» ብለው ሣቁብኝ። አብሬያቸው ልሥቅ ሞክሬ አልሆነልኝም። አንድ ውሻ በእኔ ግምት ሊሞት ነበር፤ ለእሱ በጊዜ ደርሼለታለሁ። ከዚህ በፊት እንደ እውነት ለጻፍኳቸው ግምቶች ግን ማን ዋጋ እንደከፈለ አላውቅም።