የጾመኛዋ ውሃ

አሰብ ወደብ በር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ የምትሸጠውን አሮጊት ስሟን የሚያውቅ የለም። ጀሪካኗን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ፣ ጥቁር ሻሿን እስከ ቅንድቧ አውርዳ፣ ፀሐይ አናት በሚበሳበት ቀትር ትቀመጣለች። አሁን ረመዳን ነው፤ ጠብታ ሳትቀምስ ለሰው ስትቀዳ ትውላለች።

«እማማ፣ እርስዎም ይጠጡ እንጂ! ማን ያይዎታል?» ይላታል የከባድ መኪና ሾፌር።

«አንተ ራስህ ዓይንህን ተክለህብኝ የለም እንዴ?» ትለዋለች።

ብቻዋን ያሳደገቻት የልጅ ልጇ ሃኒያ የአብዮታዊ ወጣቶች ማኅበር አባል ናት። ጾምን ኋላ ቀርነት ከሚሉ ጓዶቿ ጋር በየቀኑ መጥታ ትጠጣለች። አሮጊቷ ተቆጥታ አታውቅም፤ ጣሳውን አለቅልቃ፣ ቢስሚላህ ብላ ትቀዳላታለች።

ዛሬ ግን ሃኒያ ጣሳውን ለጓደኛዋ አሳለፈችው።

«እኔ አልጠማኝም» አለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል።

አሮጊቷ ወዲያው ገባት። ልጅቱ ጾማለች! አመሻሽ ላይ ደግሞ ስብሰባ አለባት፤ እዚያ አዛን ጠብቆ ማፍጠር ራስን ማስበላት ነው።

አዛን ሲል አሮጊቷ ለራሷ አልቀመሰችም። ጀሪካኗን ተሸክማ ወደ ስብሰባው አዳራሽ ገባች።

«ቀዝቃዛ ውሃ!»

ውሃ ሻጭን ማን ይጠረጥራል! አንድ ሁለቱ ጠጡ፤ ጣሳው ሃኒያ ዘንድ ደረሰ። ልጅቱ እንደማታውቃት ሆና እስከ ጭላጩ ጠጣችና ሳንቲም ዘረጋች። አሮጊቷም እንደማታውቃት ሆና ተቀበለቻት።

ከዚያ ውጭ ወጥታ፣ ግድግዳውን ተደግፋ፣ ብቻዋን አፈጠረች።