እቅዱን አንብቢልኝ

ወንድሜ የሚሠራበት ቢሮ ናይሮቢ መሃል ከተማ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። እኔ እዚያው ሻይ አፈላለሁ፣ አጸዳለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቀረ፣ ከሰው ጋር ማውራትም ስለማልችል፣ ካሳራኒ ሰፈር ያለው ቤታችን ውስጥ ብቻዬን ከምውል ብሎ ነው ያስገባኝ። ቢሮው የእሱና የአለቃችን ብቻ ነበር ማለት ይቻላል። አለቃችን እዚሁ የተወለደች ሐበሻ ናት፤ አማርኛዋ መሃል እንግሊዝኛና ስዋሂሊ ይገባበታል። "እርስዎ" ስላት "አያትሽ ነኝ እንዴ?" ብላ ትስቅብኛለች። እኔም መልሼ "እርስዎ" እላታለሁ።

የሠሩት አንድ የስልክ አፕ ነው። ሰው መንገድ ላይ ሲጎዳ ያለበትን ቦታ ይልክበታል፤ በፈቃዳቸው የሚያገለግሉ ባለመኪናዎች በየተራው መጥተው ሆስፒታል ያደርሱታል። አፑ የሚኖረው ሩቅ ያሉ ሰርቨሮች ላይ ነው። ሰርቨሮቹን የሚያዘጋጅላቸው ደግሞ ሌላ ፕሮግራም አለ፤ "ረዳቱ" ይሉታል። የሚፈልጉትን ይጽፉለታል፣ እሱ መልሶ ይጠይቃቸዋል። ስንት ሰው ይጠቀማል? የት አገር ይቀመጥ? ለጥቂት ጊዜ ቢቋረጥ ትፈቅዳላችሁ? ወንድሜ "ይሄ ሰውዬ ቀበሌ ነበር የሚሠራው፤ ጥያቄው አያልቅም" ይል ነበር። ሲያልቅለት ምን እንደሚጨምርና ምን እንደሚያፈርስ እቅድ ያወጣል። ሁለቱም በየስልካቸው፣ በየራሳቸው ኮድ ካላጸደቁ ምንም አይነካም። አንዴ አለቃችን ብቻዋን ቸኩላ ተጭና ብዙ ሥራ ስለጠፋ ነው እንዲህ ያደረጉት።

ወጣቶች ለተቃውሞ ሰልፍ የወጡ ቀን የተሳፈርንበት ማታቱ፣ ሚኒባሱ፣ መሃል ከተማ ሳይደርስ አራገፈን፤ በእግራችን ገባን። እስከ ምሳ ድረስ ፉጨትና ዘፈን ብቻ ነበር። ከዚያ አስለቃሹ ጭስ መጣ። አራተኛ ፎቅ ላይ ተሆኖ ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ ይሰማል ቢሉኝ አላምንም ነበር። ይሰማል። አንዲት ልጅ በፀጉሯ አስፋልት ላይ ሲጎትቷት አየሁ። ተኩሱ ሲጀምር አለቃችን "ከመስኮቱ ዞር በይ!" ብላ ወደ ኋላ ወረወረችኝ።

አፑ የቆመው ያኔ ነው፤ ሰው በዛበት። ተራ የያዙት ቁስለኞች ስክሪኑ ላይ ይታያሉ፣ ባለመኪናዎቹ ጋ ግን አይደርሱም። ወንድሜ ሰርቨሩን እንዲያሰፋው ረዳቱን አዘዘው። እሱም እንደ ልማዱ በትሕትና መጠየቅ ጀመረ። የመጨረሻውን ጥያቄ እንደመለሰለት ታች ያለው፣ ወደ ላይ የሚጠቀለለው የብረት መዝጊያ ይደበደብ ጀመር። "ፉንጓ! ፉንጓ!" ይላሉ፤ ክፈቱ ማለታቸው ነው። የሕንፃው ዘበኛ ቆልፎ ጠፍቷል።

"እቅዱን እስኪያወጣ ከፍቼላቸው ልምጣ" አለ ወንድሜ፣ ትርፉን ቁልፍ እያነሳ።

"አብደሃል?" አለችው አለቃችን።

"ልጆች ናቸው እኮ።"

ተከትዬው ወረድኩ። መዝጊያውን እስከ ወገቡ ከፍ አድርጎ ያዘው፤ ልጆቹ በሆዳቸው እየተሳቡ ገቡ። አንዱ ግንባሩ ተተርትሮ ደሙ ዓይኑን ጋርዶታል። ወዲያው አንድ ፖሊስ ደረሰ። ፊቱን አላየሁትም፣ ጫማውን ነው ያየሁት። መዝጊያውን በያዙት የወንድሜ ጣቶች ላይ በዱላው ደጋግሞ መታ። ወንድሜ አልለቀቀም፤ የመጨረሻዋ ልጅ እግሯ ገና ውጭ ነበር። እሷ ስትገባ ተኩስ ሰማሁ። ወንድሜ እንደደከመው ሰው ቁጭ አለ፣ መዝጊያው ወደቀ። ጥይቱ በጉልበቱ ጀርባ ገብቶ ነበር።

ልጆቹ ተሸክመው ወደ ላይ አወጡት። ሽርጤን ፈትቼ ጭኑ ላይ አጥብቄ አሰርኩበት፤ ደሙ ግን በጨርቁ ስር እየሾለከ ይወጣል። አለቃችን ለአምቡላንስ ብትደውል የሚያነሳ የለም። የወንድሜን ስልክ ከኪሱ አወጣች።

"አፕሩቭ አድርግ፣ እኔ ተጭኛለሁ። ኮዱን ንገረኝ፣ ሃራካ፣ ቶሎ!"

"እቅዱን አንብቢልኝ" አለ።

"እየደማህ እኮ ነው!"

"አንብቢልኝ።"

"አዲስ ሰርቨሮች ይጨምራል። አሮጌዎቹን ያፈርሳል..." ድምፅዋ ወረደ። "ተራ የያዙት ጥያቄዎች ይጠፋሉ ይላል።"

ተራ የያዙት ማለት ስክሪኑ ላይ የነበሩት ቁስለኞች ናቸው። እነሱ ከጠፉ አፑ ባዶውን ይነሳል፣ ወንድሜንም መጀመሪያ ማስገባት ይቻላል። ይህ ለእኔም ገባኝ።

"መጀመሪያ ተራውን ወደ አዲሱ ያሻግር በይው" አለ።

"ሌላ እቅድ ያወጣል እኮ! ይቆያል!"

"ያውጣ።"

ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም። ያን ቀን ጮህኩ። "ጋሼ፣ ንገራት! እነሱ ምንህ ናቸው? ንገራት አልኩህ!" በጥፊ መታሁት። ጉንጩ ላይ የጣቶቼ ደም ቀረ። ልጆቹ ያዙኝ፤ አንዱን ክንዱን ነከስኩት።

"ሚጡ፣ ዝም በይ" አለኝ ወንድሜ። ከንፈሩ ነጥቷል።

ረዳቱ እንደገና ጠየቀ። ተራው እስኪሻገር ድረስ አፑ ቆሞ ቢቆይ ትቀበላላችሁ? አለቃችን እያለቀሰች "አዎ" ብላ ጻፈችለት። እቅዱ ሲመጣም እስከ መጨረሻው አስነበባት፣ ከዚያ ኮዱን ነገራት።

አፑ ተነሳ። የወንድሜ ጥያቄ ከሁሉም በታች ገባ። ተራ ማዛባት እንዳይቻል አድርገው ነው የሠሩት፤ ያም የእሱ ሐሳብ ነበር። በላይ ያሉት አንድ በአንድ ሲነሱ ቁጭ ብዬ አየሁ። እያንዳንዳቸውን ጠላኋቸው። መኪናው ሲደርስለት ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር፤ እግሩ እንደ ብርጭቆ ቀዝቅዟል። ሐኪሙ "ደም ሳያገኝ ብዙ ቆይቷል" አለንና ከጉልበቱ በላይ ቆረጡት።

ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ካሳራኒ መጡ። ልጁ ያን ቀን ተራ ከያዙት አንዱ ነበር፤ ሆዱን ነው የተመታው። አሁን በሁለት እግሩ ደረጃችንን ወጥቶ መጣ። እናቱ የወንድሜን እጅ ይዘው አለቀሱ፣ እኔንም አቀፉኝ። ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ቀና ብዬ ግን ልጁን ማየት አቃተኝ።

ሲሄዱ ወንድሜ "አሁንስ?" አለኝ። ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል።

"አሁንም ቢሆን የመጀመሪያውን እቅድ ተጭኜ አጸድቃለሁ" አልኩት።

"አውቃለሁ" አለ፣ ክራንቹን እንዳቀብለው እጁን ዘርግቶ።